ዘንባባና ጠባብ ግቢ

ካቻምና ግንቦት ላይ ልጄ ደወለችና፣ «አባዬ፣ ደጄ ላይ የምተክለው አንድ ዘንባባ ምረጥልኝ» አለችኝ። ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ከገባች ገና ሦስት ወሯ ነበር። ከመስኮቷ ሥር ነዋሪዎቹ ተስማምተው ለየበራቸው የተከፋፈሏት ቁራሽ መሬት አለች፤ ሁለት ሜትር ተኩል በአራት። ከአንድ ደህና የሳሎን ምንጣፍ ብዙም አትበልጥም።

«ለምን ዘንባባ?» አልኳት። «ጽጌረዳ አለ፣ ጤና አዳም አለ፣ በሶብላ አለ።»

«አያቴ ግቢ የነበረው ትዝ እያለኝ ነዋ!»

ዝም አልኩ። ልጄ ያንን ዛፍ በሕይወቱ አታውቀውም። ነፍስ አውቃ ያየችው ሬሳውን ነው። የአሟሟቱን ነገር ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያስገደልኩት እኔ ነኝና።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ለሥራ አስመራ ተልኮ ሁለት ወር ቆይቶ ሲመለስ ያመጣው ወሬ ስለ ማኪያቶዋም ስለ ብስክሌቶቿም አልነበረም። ወሬው ሁሉ በዋናው ጎዳና ግራና ቀኝ ስለተሰለፉት ዘንባባዎች ነበር። ያን ያየ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። በዓመቱ፣ ማለትም እኔ በተወለድኩ ጊዜ፣ በጣሳ የበቀለ ችግኝ ገዝቶ መጣና ከበሩ በስተቀኝ፣ ከአጥሩ አንድ ክንድ ያህል አርቆ ተከለው። ያን ጊዜ ቁመቱ ከስንዝር ብዙም አያልፍም ነበር ትል ነበር እናቴ። አንድ ክንድ መራቁም እንደ ቁጥብነት ሳይሆን እንደ ለጋስነት ተቆጥሮለት ነበር።

ልጅ ሆነን ከዚያ ዛፍ ጋር ቁመት እንለካካ ነበር። ለብዙ ዓመታት አሸናፊው እኔ ነበርኩ። ቅጠሉ ይበዛል፣ ወደ ጎን ይንሰራፋል፣ ግንድ የሚባል ነገር ግን አይታይበትም። «ይሄ ነገር ቀጭጮ ቀረ» ይል ነበር አባቴ። አልቀጨጨም፤ መሠረቱን እያሰፋ ነበር። የኋላ ኋላ ሲነሳ ግን አነሳሱ አስደነገጠን። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቅጠሎቹ ከበሩ እስከ በረንዳው ደርሰው ነበር። በሆሳዕና ዋዜማ የሰፈሩ ሰው ይመጣል። እናቴ በመሰላል ታስቆርጥና ለየቤቱ ታድላለች። በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በሚመለሰው ልጅ ሁሉ ጣትና ግንባር ላይ የእኛን ዘንባባ እናየዋለን። አባቴ የዚያን ቀን በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ሲቀበል የአውራጃ ገዥ ይመስል ነበር።

አባቴ በ1993 ዓ.ም. አረፈ። አራት ልጆች ነን። ግቢው ተከፈለ፤ በመካከሉ ቆርቆሮ ቆመ። እንግዲህ በካርታ ላይ መስመር ሲሰመር ዛፉን የጠየቀው አልነበረም። ሥሩ በወንድሜ ድርሻ፣ ጥላው በእህቴ ድርሻ፣ እሾሁ በእኔ ድርሻ ወደቀ። ወንድሜ ሰርቪስ ቤት ሊሠራ ነው፤ እህቴ ጣራዋ ላይ የሚወድቀው ቅጠልና የአይጡ ነገር አማርሯታል። ታላቅ ነኝና ሽምግልናው ለእኔ ደረሰ። እኔም እንደ ጠቢብ ሽማግሌ መካከለኛውን መንገድ መረጥኩ። «አይቆረጥም፤ አባታችን የተከለው ነው። ጫፉን ብቻ እናሳጥረው» አልኩ። ሁሉም ተስማማ። በ1994 ዓ.ም. ሰኔ ላይ መጥረቢያ የያዘ ሰው በመሰላል ወጥቶ አናቱን ቆርጦ ጣለው።

ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም ጠባ፣ ምንም የለም። ጥቅምት ላይም ምንም። ግንዱ ስድስት ዓመት እንደ ስልክ እንጨት ተገትሮ ቆመ። እናቴ አንድ ቀን ያለ ምንም ንግግር የልብስ ማስጫ ገመድ አሰረችበት። በሆሳዕና ዋዜማ ጎረቤት መምጣቱን ተወ፤ እናቴም እንደ ሌላው ሰው ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ዘንባባ መግዛት ጀመረች። ስለ ዘንባባ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር ለሞቱ ምክንያት ሰጠኝ። ዘንባባ እንደ ወይራ ወይም እንደ ዋርካ ያለ ዛፍ አይደለም። በዝምድናው ወደ ሣርና ወደ በቆሎ ይቀርባል። አብዛኛው ዓይነት ቅርንጫፍ አያወጣም። አንዱ ግንድ አንድ ልብ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም አናቱ ላይ፣ ከቅጠሎቹ መካከል ተሸሽጎ ይኖራል። አዲስ ቅጠል ሁሉ የሚወለደው ከዚያ ነው። ያ ልብ ከተቆረጠ ግንዱ ሌላ ልብ መፍጠር አይችልም። ሌላም ነገር አለ። የዘንባባ ግንድ ዓመት በዓመት ቀለበት እየጨመረ አይወፍርም። ውፍረቱን መሬት አካባቢ እንዳለ ይጨርስና ነው ወደ ላይ የሚነሳው። እኛ ቀጨጨ ያልነው ጊዜ፣ ለካ ለሚቀጥለው መቶ ዓመት ወገቡን የሚለካበት ጊዜ ኖሯል። እንግዲህ ዘንባባን ማሳጠር አይቻልም። ያለው ምርጫ መምረጥ ብቻ ነው፤ እሱም ከመትከል በፊት።

ታዲያ ያ መጥረቢያ የያዘው ሰውና እኔ ይህን እንዴት አላወቅንም? እኔ የማምንበት ምክንያት አለኝ። ሁለታችንም የተማርነው ባሕር ዛፍ ትምህርት ቤት ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በእንጦጦ አካባቢ የነበረው የአገር ዛፍ ለቤትና ለማገዶ እያለቀ ነበር። ከተማዋ ገና አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት የማገዶ ችግሩ አስግቶ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ መቀመጫ ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ካለችበት እንዳትነቀል ካደረጓት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከአውስትራሊያ ምድር የተገኘው ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን መግባቱ ነው። በፍጥነት ያድጋል፣ ከሥሩ ቢቆርጡት ደግሞ አራት አምስት ሆኖ ይነሳል። ይህ ለከተማው ነዋሪ እንጨት ብቻ አልሰጠውም፤ ስለ ዛፍ የማሰቢያ መንገድም ሰጠው። ዛፍ ማለት የሚቆረጥ ነው፤ ዛፍ ማለት ቢቆርጡት የሚመለስ ነው። መቶ ዓመት ሙሉ ይህን የተማረ እጅ ዘንባባ ላይ ሲወጣ ምን ያድርግ? የለመደውን አደረገ። ያሠራሁት እኔም የለመድኩትን አዘዝኩ።

ሁለተኛው ጥፋታችን ከቋንቋ ይመጣል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ፣ «አንድ ቃል ብዙ ነገር ሲሸከም ተጠንቀቁ» እል ነበር። «ዘንባባ» እንዲህ ያለ ተሸካሚ ቃል ነው። የዕፅዋት አጥኚዎች ወደ 2,600 የሚጠጉ የዘንባባ ቤተሰብ ዝርያዎችን ይቆጥራሉ። በኮሎምቢያ ተራሮች ላይ ቁመቱ 60 ሜትር ሊደርስ የሚችል አለ፤ በማዳጋስካር ጫካ ውስጥ ደግሞ ከጉልበት የማያልፍ አለ። እኛ ከነዚህ መካከል ተምሩን «ተምር» ብለን ለይተናል፤ በአዋሽ ፓርክ ፍልውሃ ዳር ግንዱ እየተመነታ የሚያድገውን «ዱም» የሚል ሰው አለ፤ ምንጣፍ የሚሠራበትን የወንዝ ዳሩን ዘንባባ «ሰሌን» የሚል አለ። ከተማ ሲገባ ግን ሁሉም «ዘንባባ» ነው። የአስመራው ጎዳናም፣ የባሕር ዳሩ ጎዳናም፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት መንገዶች ዳር የቆመውም፣ በባንክ ቤት ደጃፍ በማሰሮ የተቀመጠውም። አባቴ «ዘንባባ» ብሎ ሲገዛ በልቡ የያዘው ጎዳና ነበር። የሸጠለት ሰውም የሸጠለት ጎዳና ነው። እናቴ ግን የምትኖረው ጎዳና ላይ አልነበረም።

አሁን ከቅጠሉ ቅርጽ ተነስቼ ሳስበው፣ የእኛው ዛፍ የካናሪ ደሴቶች ዘንባባ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። የአንዱ ቅጠል ርዝመት አምስት ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ በቅጠሉ እግር ላይ ያለው እሾህ ጫማ ይበሳል። ሰፊ አደባባይ ላይ ከቆመ ግርማው ልብ ይነካል። ከአጥር አንድ ክንድ ርቆ ሲቆም ግን ጠብ ይሆናል።

ሦስተኛው ነገር የመሬቱ ነው። የአዲስ አበባን ታሪክ በግቢ ልክ ብትጽፉት የመጥበብ ታሪክ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከተማዋ ስትጀመር መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ሰፈር ሲመሩ፣ አንድ ግቢ ማለት ከነአሽከሩ፣ ከነከብቱ፣ ከነማድቤቱ አንድ ኮረብታ ነበር። ዛሬም ሰፈሮቻችን በነዚያ ሰዎች ስም ይጠራሉ። የጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ታስበው በልክ የተነደፉ ቤቶችን አመጣ፤ ካዛንቺስ የሚለው ስም የቤቶቹን ድርጅት የጣሊያንኛ መጠሪያ ይዞ የቀረ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወደ መንግሥት ሲያዞር፣ ለግል መኖሪያ የሚፈቀደውን ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። የእኛ ግቢ ከዚያ ስለማይበልጥ ተረፈልን። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሕግ መጣ፤ ካሬ ሜትር ዋጋ ወጣለት። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም መጣ፤ ግቢ የጋራ ሆነ፣ የግል የሆነው በረንዳ ነው። ከኮረብታ ተነስተን አምስት መቶ ካሬ፣ ከአምስት መቶ ወደ መቶ፣ ከመቶ ወደ ልጄ ምንጣፍ ደረስን።

መጥበቡን እንደ ጥፋት አላወራም። ብዙ ሰው ጣራ ያገኘው በመጥበቡ ነው። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፤ ግቢው ሲጠብ ምኞታችን አብሮ አልተለካም። ዛሬም በ100 ካሬ ላይ በተሠራ ፎቅ ቤት ደጃፍ፣ ለመቶ ዓመት ጎዳና የሚሆን ችግኝ በኩራት ሲተከል አያለሁ። ዛሬ ያምራል፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ግን ወይ አጥሩ ይፈርሳል፣ ወይ ጎረቤት ይከሳል፣ ወይ እንደ እኔ ያለ ጠቢብ ሽማግሌ ይጠራል።

ልብ በሉ፤ በጠባብ ቦታ ዘንባባ የተመኘነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ሌሎችም ጨንቋቸዋል፤ መላም አግኝተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1829 በምሥራቅ ለንደን የሚኖር ናትናኤል ዋርድ የሚባል ሐኪም የእሳት ራት ኩብኩባ ሊያስፈለፍል እርጥብ አፈር ያለበት ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጦ ከደነው። ደጅ የከሰል ጭስ የገደለበት ፈርን የሚባለው ተክል በተከደነው ጠርሙስ ውስጥ በራሱ ጊዜ በቀለ። ሐኪሙ ነገሩን አሰፋውና በ1833 ተክል የሞላባቸው የመስታወት ሣጥኖች በመርከብ ወደ ሲድኒ ላከ። ተክሎቹ ወራት የፈጀውን የባሕር ጉዞ አልፈው በሕይወት ደረሱ። ከዚያ በፊት በጨው ነፋስ መንገድ ላይ ያልቅ የነበረ ችግኝ ሁሉ ከዚያ ወዲያ ዓለምን መዞር ቻለ። በ1845 እንግሊዝ የመስታወትን ግብር አነሳች፤ በኪው የዕፅዋት ማዕከል ከ1844 እስከ 1848 የብረትና የመስታወት የዘንባባ ቤት ተሠራ። ነገሥታቱ ለግዙፉ ዘንባባ ግዙፍ ቤት ሠሩለት። ጠባብ ሳሎን ውስጥ የሚኖረው የከተማ ሰው ግን ቤቱን ማስፋት አይችልም፤ ስለዚህ ዘንባባውን መረጠ። ከሜክሲኮና ከጓቲማላ ጫካ፣ ከትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያድገውንና ከሁለት ከሦስት ሜትር ብዙም የማያልፈውን ቀጭን ዘንባባ አመጡለት። ዛሬም «የሳሎን ዘንባባ» ይባላል። በጥላ የተወለደ በመሆኑ የለንደን ጨለማ ሳሎን እንግዳ አልሆነበትም።

ስለዚህ ትንሽ ዘንባባ አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። የእሱና የዘመዶቹ ቅጠል በጓቲማላ ፔቴን ጫካና በሜክሲኮ በጫካ ለቃሚዎች እየተቆረጠ ወደ ሰሜን አሜሪካ ይላካል። የአበባ ነጋዴዎች ዓመቱን ሙሉ ይገዙታል፤ ትልቁ ገበያው ግን የሆሳዕና ሰሞን ነው። በዚያ አገር ብዙ ምእመን በእጁ ይዞ የሚቆመው ይህንኑ የጥላ ልጅ ነው። ለሆሳዕና የሚሆን ዘንባባ የግድ ረዥም መሆን የለበትም ማለት ነው።

ጃፓኖች ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዱ። ከደቡብ ቻይና በኩል የመጣ፣ እንደ ሸምበቆ በቀጫጭን ዘንጎች የሚበዛ፣ ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ እጅ ጣት የሆነ አንድ ዘንባባ አለ። እንግሊዞች «የእመቤት ዘንባባ» ይሉታል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጃፓን ገብቶ የመሳፍንቱ የማሰሮ ተክል ሆነ። የግርማ ነገር ከቁመት ወደ ቅጠል መስመር፣ ወደ ዘንግ አቋቋም ተሻገረ። በጠባብ ቤት የኖረ ሕዝብ ትንሽ ነገርን አጥብቆ ማየት ተማረ።

ከሁሉም እኔን የሚያሳስበኝ ግን የፓዱዋው ነው። በጣሊያን ፓዱዋ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1545 የተመሠረተ የዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ግቢ አለ። በግቢው ውስጥ በ1585 የተተከለ ዘንባባ ዛሬም በሕይወት አለ። ዝርያው በአውሮፓ ምድር ከሚገኙት ጥቂት የዘንባባ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ሊኔየስ በላቲን ስም ሲያወጣለት «አጭሩ»፣ «ዝቅ ያለው» የሚል ቃል ሰጠው። የጀርመኑ ባለቅኔ ጎተ በ1786 ወደ ጣሊያን ሲሄድ በዚህ ዛፍ ፊት ቆመ። ከሥር ያለው የልጅነት ቅጠል እንደ ጦር ያለ፣ ከፍ ሲል እየተሰነጠቀ፣ ከዚያም እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ መሆኑን አየና አትክልተኛውን ለምኖ ከየደረጃው ቅጠል አስቆርጦ ይዞ ሄደ። በ1790 ስለ ዕፅዋት መለዋወጥ ያሳተመው ድርሳን ከዚያ እይታ ጋር አብሮ ይነሳል። «አጭሩ» የተባለው ያ ዘንባባ ዛሬ ወደ አሥር ሜትር ደርሷል፤ ለብቻው የመስታወት ቤት ተሠርቶለታል።

ይህን ሳነብ ሳቅሁ፤ ከዚያም አሰብኩ። አጭር የሚባለውም በአራት መቶ ዓመት ረዥም ይሆናል። ልዩነቱ ለአራት መቶ ዓመት የሚያስብለት ግቢ ማግኘቱ ነው። እኛ ለዛፍ ስንመርጥ የምንመርጠው የቦታን ልክ ብቻ አይደለም፤ ዛፉ ሲያረጅ አጠገቡ ማን ይኖራል የሚለውንም ነው። አባቴ ዛፉን ሲተክል አራት ልጆቹ ቆርቆሮ ይዘው እንደሚመጡ አላሰበም። ማሰብ ነበረበት ማለቴ አይደለም። እኔ ግን ካየሁት በኋላ አላሰብኩም ማለት አልችልም።

እንግዲህ ወደ ልጄ ምንጣፍ ልመለስ። ቅዳሜ ጠዋት ተያይዘን መንገድ ዳር ወደሚሸጡ ችግኝ ሻጮች ሄድን። አንድ ወጣት ተቀበለን።

«ጋሼ፣ ይሄን ውሰዱት። ምርጥ ነው» አለ፤ ያሳየን ቁመቱ ከወገብ በታች የሆነውን የአባቴን ዛፍ የልጅ ልጅ ነው።

«ይሄ ሲያድግ ግቢውን አይሞላም?»

«ኧረ አያድግም! ካደገም ይከረከማል።»

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄዎቻችንን በተራ አስኬድን። መጀመሪያ ስለ ቁመቱ ሳይሆን ስለ ቅጠሉ ርዝመት ጠየቅን። ጠባብ ግቢን የሚያጣብበው ቅጠሉ ነው እንጂ ግንዱ አይደለም። የአንዱ ቅጠል ርዝመት በእጥፍ ሲሰላ የዛፉን ስፋት ይነግራችኋል። ቀጥሎ ነጠላ ግንድ ነው ወይስ ከሥሩ የሚበዛ? ከማዳጋስካር የመጣው ዘንጎቹ ወደ ቢጫ የሚያደሉት ዘንባባ ከየሳሎኑ እየወጣ ደጅ ይተከላል። ዘንጎቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ቁጥቋጦው ግን ዓመት በዓመት ይሰፋል፣ ስድስት ሜትርም ይወጣል። ሦስተኛ፣ ቀጭን ነው ወይስ አጭር? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከቻይና ተራሮች የመጣው፣ ግንዱን ጭገር የሸፈነው ዘንባባ ብርድ ይችላል፣ ለደጋችን ይስማማል፣ ግንዱም ቀጭን ነው፤ ግን ከአሥር ሜትር በላይ ሊወጣ ይችላል። በላዩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላለበት ሰው አይሆንም። አራተኛ፣ ፀሐይ ነው ወይስ ጥላ? የሳሎኑ ዘንባባና የእመቤት ዘንባባ ጥላ ይወዳሉ፤ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ቅጠላቸውን ያቃጥለዋል። ሰሜን ደቡቡን ፎቅ ለከለለው በረንዳ ግን ከነሱ የተሻለ የለም።

ልጄ ደጅ እስከ ቀትር ፀሐይ አለ። ስለዚህ ዓይናችን አንድ ጥግ ላይ ባለ ትንሽ ነገር ላይ አረፈ። ከላኦስና ከአካባቢው፣ ከሜኮንግ ወንዝ ዳርቻ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በአንድ የኦርኪድ ሰብሳቢ ስም ተሰይሟል። የተምር፣ የእኛ የወንዝ ዳር ሰሌንና የአባቴ ዛፍ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሁሉም አንድ ወገን ናቸው። ይሄ የቤተሰቡ ድንክ ነው። አድጎ ሲጨርስ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ይደርሳል፣ ግንዱ ከክንድ ብዙም አይወፍርም፣ አናቱ ከሁለት ሜትር ገደማ በላይ አይሰፋም። እድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ በእኛ ብርድ ደግሞ የባሰ ይዘገያል። የዘንባባ ሥር ደግሞ እንደ ዋርካ ሥር እየወፈረ ግድግዳ አይገፋም። ነቀፌታው በቅጠሉ እግር ላይ ያለው ቀጭን እሾህ ነው፤ ሕፃን ከሚሮጥበት መተላለፊያ ራቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ሌላም ማጭበርበሪያ አለበት። ብዙ ጊዜ በአንድ ማሰሮ ሁለት ሦስት ችግኝ አድርገው ያበቅሉታል። ሻጩ እንደ አንድ ዛፍ ይሸጥላችኋል፤ እናንተ ግን ለሦስት ዛፍ ቦታ ታዘጋጃላችሁ። እኛ አንድ ብቻ ያለበትን ፈለግን።

ወጣቱ ለረዥሙ ከጠራው ዋጋ በላይ ለዚህኛው ሲጠራ ግራ ገባኝ።

«ይሄ ትንሹ እንዴት ይወደዳል?»

«እሱ እዚህ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀ ያውቃሉ ጋሼ? ያኛው ሁለት ዓመቱ ነው። ይሄ ዕድሜ ነው የሚሸጠው።»

እውነቱን ነው። ከፈልን። ስንወጣ አንድ ጥያቄ ከአፌ አመለጠኝ። «ግን እኮ አንተ ልጅ፣ ያንን ትልቁን ለትንሽ ግቢ ስትሸጥ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ሊሆን ነው ብለህ አታስብም?»

ሳቀ፤ ነገር ግን የሳቁ ዓይነት ደስ አይልም። «ጋሼ፣ እኔ ይሄን ቦታ እስከ ክረምቱ እንኳን መቆየቴን አላውቅም። ሃያ ዓመት ይሉኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ለካ አርቆ የማሰብ ነገር የዕውቀት ብቻ አይደለም፤ የመቆያ ዋስትናም ጉዳይ ነው። በቦታው እስከ ክረምት የማይተማመን ሰው የሃያ ዓመት ዛፍ ሊመርጥላችሁ አይችልም። እኔ በካርታ የተያዘ ግቢና የዲግሪ ወረቀት ይዤ ያላደረግሁትን ከእሱ መጠየቄ አሳፈረኝ።

ሰኔ ላይ ተከልነው። ልጄ ከግድግዳው አንድ ሜትር ከሩብ፣ ከጎረቤቷም ድንበር አንድ ሜትር ከሩብ በሜትር ለካች፤ ልክ መካከሉ ላይ ዋለ። ጎረቤቷን ጠርታ አሳየቻት፤ «ሲያድግ እስከዚህ ነው የሚመጣው» ብላ በእጇ አየር ላይ አሳየቻት። እንዲህ ያለ ውል ድሮ ግቢያችን ውስጥ ቢደረግ ኖሮ አልኩ በልቤ።

ዘንድሮ በሆሳዕና ዋዜማ ሄጄ ነበር። ዛፉ ሁለት ዓመት ሙሉ አድጎ አንድ ስንዝር እንኳን አልጨመረም። ጎረቤቷ ሁለት ልጆቿን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ልጄ በመቀስ ከታች ያረጀውን አንድ ቅጠል ብቻ ቆረጠች፤ አናቱን እንዳትነካ ዓይኔ እጇ ላይ ነበር። ቅጠሉ ቀጫጭን ነው። ለግንባር አይበቃም፣ መስቀልም ለመሥራት ይሳሳል። ትልቁ ልጅ ግን ተቀምጦ ጎነጎነው፤ ለጣት ቀለበት ወጣው።